ጠያቂ ወይስ አስታማሚ?

ሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ የማይለቅ አመል ይዞ ይቀራል። የተጻፈ ነገር ካየ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። የታክሲ ጥቅስ፣ የሥጋ ቤት ማስታወቂያ፣ የቀበሌ ማሳሰቢያ፣ ሁሉንም እንደ ግጥም ያገላብጣል። ማነው የሚናገረው? ለማን ነው የሚናገረው? የትኛውን ቃል መረጠ? የትኛውን ተወ? ተማሪዎቼን በእነዚህ ጥያቄዎች ሳስጨንቅ ኖሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ ጡረታ ሳይደርስ ማስተማሩን ብተወውም አመሉ አልተወኝም።

እናላችሁ፣ ዛሬ ሒስ የማቀርብበት ጽሑፍ ልብ ወለድም ግጥምም አይደለም። ሦስት መስመር ብቻ ያላት፣ በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል በር ላይ በስኮች የተለጠፈች ወረቀት ናት። ሠላሳ አራት ቀን አንብቤአታለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደጋግሜ ያነበብኩት ጽሑፍ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ትላለች፦

ማሳሰቢያ። 1ኛ. ከጠያቂ ሰዓት ውጭ መግባት በጥብቅ ክልክል ነው። 2ኛ. በአንድ ጊዜ ከአንድ ጠያቂ በላይ መግባት ክልክል ነው። 3ኛ. ስለ ሕፃናቱ ሁኔታ ባለሙያዎችን ደጋግሞ መጠየቅ ክልክል ነው።

ወደ ሒሱ ከመግባቴ በፊት እዚያ በር ላይ ምን እንደወሰደኝ ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። በሠላሳኛው ሳምንት፣ ገና ሰባተኛ ወሯ ላይ፣ ሌሊት ድንገት ምጥ ያዛት። ባሏ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነው፤ ያን ዕለት ክፍለ ሀገር ነበር። እህቴ ደወለችልኝ፤ ተያይዘን ሄድን። ሊነጋጋ ሲል ወንድ ልጅ ተወለደ። ሲስተሯ ብቅ ብላ "አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ" አለችን። እኔና እህቴ ተያየን። ከሱቅ ከምንገዛው ከአንድ ኪሎ ስኳር እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። እናቲቱ ልጇን ያየችው በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ማሞቂያ ሲሮጡበት፣ ከኋላ ነው። መልኩን አላየችም።

በሦስተኛው ቀን "አንቺ ደህና ነሽ፣ ወደ ቤትሽ" ተባለች። ልጁ ይቀራል። ያልተለበሱ የሕፃን ልብሶች የታጨቁበትን ቦርሳ ይዛ፣ ባዶ እቅፏን ይዛ፣ ታክሲ ተሳፍራ ወጣች። በማግስቱ ማለዳ ግን ስፌቷ ሳይደርቅ ተመልሳ መጣች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣች። ጠያቂ የሚገባው ቀን ከስድስት እስከ ሰባት፣ ማታ ደግሞ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ካለችው የእንጨት አግዳሚ ላይ ነው የምታሳልፈው። በየሦስት ሰዓቱ ጡቷን በእጇ እያለበች በኩባያ ታቀብላለች። በሩ ገርበብ ይላል፤ የጓንት እጅ ይወጣል፤ ኩባያው ይገባል፤ በሩ ይዘጋል። ወተቷ የሚገባበት በር እሷን አያስገባም።

አንድ ቀን ጥበቃውን "ወንድሜ፣ እናቱ እኮ ናት" ብለው፣ "አባቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ እኔም ሰውየውን ትቼ ወረቀቱን መመርመር ጀመርኩ።

አሁን ወደ ሒሱ። ወረቀቷ እናቲቱን ምን ብላ ትጠራታለች? "ጠያቂ" ትላታለች። አማርኛችን ለታመመ ሰው የሚመጡትን በሁለት ቃል ለይቶ ያውቃቸዋል። ጠያቂ አለ፤ አስታማሚ አለ። ጠያቂ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ "እግዚአብሔር ይማርህ" ይላል፣ ሰዓቱን አየት ያደርጋል፣ ይሄዳል። ቢመጣ ጥሩ ነው፤ ባይመጣ ቅሬታ እንጂ ጉዳት የለውም። አስታማሚ ግን ሌላ ነው። ያድራል፣ ያጎርሳል፣ ያገላብጣል፣ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል፣ በሽተኛው ሲያቃስት እሱ ነው ቀድሞ የሚሰማው። የቃሉ ሥር ራሱ ሕመም ነው። አስታማሚ ከሕመሙ ውጭ ቆሞ የሚያይ ሳይሆን በሕመሙ ውስጥ ያለ ሰው ነው።

አገራችን ውስጥ አዋቂ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ አስታማሚ ከሌለው ጉድ ነው። ነርሷ ራሷ "አስታማሚህ የታለ?" ብላ ትቆጣለች። ማን ያጥበው? ማን ያብላው? ማን ላቦራቶሪ ይውሰደው? ለሰባ ኪሎው ጎልማሳ አስታማሚ ግዴታ ነው። ለአንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራሙ ግን አስታማሚ ክልክል ነው። መናገር የማይችለው፣ መገላበጥ የማይችለው፣ ገና ማልቀስ እንኳን በቅጡ ያልለመደው እሱ ብቻውን ነው የተኛው። እናቱም በቀን ሁለት ሰዓት ጠያቂው ናት።

ሌላም አለ። ሦስተኛዋን መስመር ከመጀመሪያዋ ጋር አስተያዩአት። ወረቀቷ እናትን "ጠያቂ ነሽ" አለቻት፤ ዝቅ ብላ ደግሞ "መጠየቅ ክልክል ነው" አለቻት! ተማሪ ቢሆን የጻፈው፣ ኅዳጉ ላይ በቀይ ብዕር "እርስ በርሱ ይጋጫል" ብዬ መልሼ እሰጠው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ግን ግጭቱ አያስቅም። እናቲቱ "ዛሬ እንዴት አደረ?" ስትል የምታገኘው መልስ "ያው ነው" ነው። ያው ማለት ምን ማለት ነው? ከትናንት ሳይሻል ነው? ሳይብስ ነው? ይህቺን "ያው" የምትል ቃል ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ስትተረጉማት ታድራለች። እኔ አንድን ስንኝ እንደዚያ ሲተረጉም ያደረ ተማሪ አልነበረኝም።

አግዳሚዋ ላይ ሌሎች እናቶችም ነበሩ። አንዷ ከሩቅ ገጠር የተላከች ናት፤ ማደሪያ ስለሌላት ነጠላዋን አንጥፋ እዚያው ኮሪደር ጥግ ታድር ነበር። አንዷ መንታ ወልዳ አንዱ የቀረላት ናት። እርስ በርሳቸው ነበር የሚጠያየቁት። ምሳ ይካፈላሉ፣ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ በሩን ትጠብቅላታለች። አንድ ማለዳ ስንደርስ ከመካከላቸው አንዷ አልነበረችም። ኩባያዋ ግን አግዳሚው ሥር ነበረች። ማንም ምንም አላለም። የእህቴ ልጅ ወረቀቷን አየቻት፤ መጠየቅ ክልክል ነው።

መቼም ሒስ ፍትሐዊ መሆን አለበት። የሌላውን ወገን ቃል ልስማ ብዬ አንዷን ሲስተር በእረፍት ሰዓቷ አናገርኳት። ቅን ልጅ ናት። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። "ጋሼ፣ ሌሊት ለስንት ሕፃን ስንት ሆነን እንደምናድር ቢያውቁ እንዲህ አይሉም ነበር" አለችኝ። "ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ማሞቂያዎቹ ጎን ለጎን ናቸው። ሁሉም ቤተሰብ ቢገባ ጉንፋኑንም ተቅማጡንም ይዞብን ይገባል። ኢንፌክሽን አንዴ ከገባ ደግሞ አንዱን ይዞ አይቀርም።" ዋሸች ልበል? አልዋሸችም። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን፣ ጨቅላ ሕፃናትን በብዛት የሚገድሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ ነበር ያሳየው። በዚህ ቁጥር ፊት በየቀኑ የምትቆመው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

ነገር ግን "ቦታ የለንም፣ ሰው የለንም፣ ስለዚህ እናት ትውጣ" የሚለው ክርክር መነሻው እውነት ሆኖ ሳለ መደምደሚያው ተሳስቷል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም። ቦታና ሰው ያጡ ሐኪሞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ኤድጋር ሬይ የሚባሉ ሐኪም ማሞቂያ ሣጥኑ አነሳቸው። ሕፃናቱ በዝተው በአንዱ ሣጥን ሁለትና ሦስት እያስተኙ ኢንፌክሽኑ ፈጃቸው። ታዲያ ምን አደረጉ? እናቶቹን አስጠርተው ሕፃናቱን በደረታቸው ላይ፣ ገላ ለገላ አሰሩላቸው። የእናት ደረት ማሞቂያ ሆነ። ዛሬ በየአገሩ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1979፣ በኢስቶኒያዋ ታሊን ከተማ አዲክ ሌቪን የተባሉ ሐኪም ደግሞ ነርስ አነሳቸው። እሳቸውም እናቶችን ወደ ክፍሉ አስገብተው ሌሊትና ቀን ልጆቻቸውን ራሳቸው እንዲንከባከቡ አደረጉ፤ ነርሶቹ አስተማሪና አማካሪ ሆኑ። ልብ በሉ! አንዱ ሣጥን፣ አንዱ ነርስ ነው ያጡት። ሁለቱም ያገኙት መልስ አንድ ነው፤ በር ላይ የቆመችውን ሴት ማስገባት።

ሀብታሞቹ አገሮች በኋላ ይህን ከድሆቹ ተምረዋል። የታሊኑን ልምድ ካናዳውያን ወስደው ሥርዓት አበጁለት። ወላጅ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ከልጁ ጋር እንዲውል፣ እንዲመግብ፣ እንዲያጥብ፣ ሐኪሞች ሲዞሩ ስለ ልጁ እንዲናገር አደረጉ። በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 26 የጽኑ ሕክምና ክፍሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 ታተመ። የሕፃናቱ ክብደት የተሻለ ጨመረ፤ የወላጆቹም ጭንቀት ቀነሰ።

ራቅ ያለ ነው ካላችሁ ቤታችን እንግባ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው፣ ካንጋሮውን ሕፃኑ እስኪጠነክር ሳይጠብቁ ገና በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀምሩት ምን እንደሚሆን ከመቶ ሃያ በላይ በሆኑ ሕፃናት ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። በእናታቸው ደረት ላይ የዋሉት ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት ተርፈዋል። አዲስ አበባ ላይ፣ በእኛው እናቶች፣ በእኛው ሐኪሞች የተሠራ ነው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የዓለም ጤና ድርጅት የመራው ትልቅ ጥናት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ጠየቀ። የእናቲቱ አልጋ እዚያው ጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ ገባ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ከመቶ 15.7 ሲሞቱ፣ በደረት ላይ ከዋሉት የሞቱት ከመቶ 12 ናቸው። ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። በ2022 ድርጅቱ ምክረ ሐሳቡን ሲያወጣ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ ሳይዘገይ እንዲጀመርና ቤተሰብ በሕፃኑ እንክብካቤ ውስጥ እንዲካተት አለ። በእኛ ቋንቋ ሲተረጎም፣ እናት ጠያቂ አይደለችም፤ አስታማሚ ናት ማለት ነው።

ሲስተሯ ለፈራችው ኢንፌክሽንም መልስ አለው። የሚፈራው የመንጋ ጠያቂ እንጂ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ጋውን ለብሳ የምትገባ አንዲት እናት አይደለችም። ደግሞም ብዙ ሕፃን የምትነካው ነርስ ናት፤ እናት የምትነካው የራሷን ብቻ ነው።

አንድ የታሪክ ምጸት ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1943 ድረስ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ኮኒ አይላንድ በሚባል የመዝናኛ ሥፍራ ማርቲን ኩኒ የተባለ ሰው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። መግቢያው 25 ሳንቲም ነው። በዚያ ገንዘብ ሕፃናቱን ያሳክማል፤ ከወላጆቻቸው ምንም አይቀበልም። ነገሩ የሚዘገንን ቢሆንም ብዙ ሕፃን አትርፏል። እኔ ግን አግዳሚዋ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ሌላ ነው። እዚያ 25 ሳንቲም ያለው መንገደኛ የማያውቀውን ልጅ ቆሞ ያይ ነበር። የእህቴ ልጅ የምትገዛው ትኬት እንኳን የላትም።

እስካሁን ሆስፒታሉን ወቀስኩ። ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን።

ልጅ ሲወለድ እኛ ጋ ወጉ የታወቀ ነው። እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የማይል ጎረቤት የለም። እህቴም የገብስ ዱቄቷን አስፈጭታ፣ ቅቤዋን አንጥራ ጨርሳ ነበር። ታዲያ ያቺ አራስ ቤቷ ስትገባ ማን መጣ? ማንም! ስልክ እንኳን አልጮኸም። ዱቄቱ በከረጢቱ፣ ቅቤው በጣሳው ቀረ። አንዷን ጎረቤት መንገድ ላይ አግኝቻት "ምነው ጠፋችሁ?" ብላት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እንዴ ጋሼ፣ እስኪለይለት ብለን እኮ ነው" አለችኝ።

እስኪለይለት። ይህቺም ሒስ የሚያስፈልጋት ቃል ናት። ምን እስኪለይ? ልጁ መኖሩ ወይም መሞቱ። ከኖረ እልል ልንል፣ ከሞተ "እግዜር ያጽናሽ" ልንል ተሰልፈናል። ሞቶም ቢሆን ለጨቅላ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን አንተክልም፤ "ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ" ብለን እንቋጫለን። ለደስታ ቃል አለን፤ ለለቅሶ ቃል አለን፤ ለመሃሉ ግን ምንም አላበጀንም። የእህቴ ልጅ ሠላሳ አራት ቀን የኖረችው እዚያ ቃል በሌለበት መሃል ነው። አራስ ናት እንዳይባል እቅፏ ባዶ፤ ሐዘንተኛ ናት እንዳይባል ልጇ በሕይወት አለ።

ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከፍርሃት ነው። እንኳን ደስ ያለሽ ብለን ነገ ቢሞትስ? አፋችን ሟርት ቢሆንስ? ግን ፈርተን የተውናት እኮ ከእኛ ይልቅ የምትፈራውን ሴት ነው። ደፍሮ የመጣውም ቢሆን ይዞት የመጣው ቃል አይረባም። አንዷ "የሰባት ወር ነው? ጎሽ! የሰባት ወር ይበረታል፤ የማያድገውስ የስምንት ወሩ ነው" አለቻት። ለማጽናናት መሆኑ ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ሕፃን በማኅፀን በቆየባት በእያንዳንዷ ሳምንት ዕድሉ ይጨምራል እንጂ በስምንተኛው ወር ወደ ኋላ አይመለስም። ይህን ተረት አምና አግዳሚው ላይ የተቀመጠች የስምንት ወር ልጅ እናት ብትኖርስ? ሌላዋ ደግሞ "አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ" አለቻት። ልጁ እኮ አልሞተም! ሦስት ሜትር ማዶ፣ ከበሩ ወዲያ እየተነፈሰ ነው።

አባቱንም አንርሳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አባት የሆነ ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለው። ሦስት ቀን! ከክፍለ ሀገር ሲመለስ አንዱ ቀን አልቋል። በሁለተኛው ቀን መድኃኒት ፍለጋ ሲዞር ዋለ። በሦስተኛው ቀን በጠያቂ ሰዓት ሲመጣ "እናትየዋ ገብታለች፣ ከአንድ በላይ አይቻልም" ተባለ። በአራተኛው ቀን መሪው ላይ ነበር። ልጁን መጀመሪያ ያየው ሚስቱ በስልኳ ባነሳችው ፎቶ ነው። ሰው "አባት ወንድ ነው፣ ይችለዋል" ይላል። አንድ ምሽት ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። "ጋሼ፣ ስልክ እያወራሁ ነው" አለኝ። ስልኩ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ነበር። እናቲቱም ብትሆን፣ በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ያዥ ናት፤ ከወሊድ በኋላ ከሚሰጣት ዘጠና ቀን ሠላሳ አራቱን አግዳሚ ላይ ጨረሰችው። ያ በ2022 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ምክረ ሐሳብ፣ የወላጅ ፈቃድ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ወላጆች ልዩ ችግር ከግምት ያስገባ እንዲሆንም ይላል። ሕግ አውጪዎቻችን አዋጁን ሲያሻሽሉ ይህችን አግዳሚ ቢያስቡአት ምን አለበት?

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ተረኛ ሆኖ ገባ። በሩን ከፍቶ "የእገሌ እናት" ብሎ ጠራት። እጇን አስታጥቦ፣ ወንበር ስቦ፣ ልጁን ከነቱቦው ደረቷ ላይ አኖረላት፤ በነጠላ አሰረው። በቀን ሁለት ሰዓት የነበረው ከዚያ ወዲያ ግማሽ ቀን ሆነ። ወረቀቷ እንደተለጠፈች ነው፤ ሰውየው ግን ከወረቀቷ ይልቅ ሴትዮዋን አነበበ። ተአምር ተሠራ አልላችሁም። የዚያን ዕለት ማታ ስትወጣ ግን "ጋሼ፣ ዛሬ አወቀኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ "እንዴት አደረ?" ብላ ማንንም አልጠየቀችም። ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ፣ መቼ እንደተኛ፣ በየትኛው ጎኑ ሲሆን እንደሚመቸው፣ የምትናገረው እሷ ሆነች። ሲስተሮቹም እሷን ይጠይቋት ጀመር።

እንግዲህ ወደ ቀይ ብዕሬ ልመለስ። አስተማሪ ነቅፎ ብቻ አይተውም፤ ያርማል። ሆስፒታሉ ሕንፃ ይሥራ አላልኩም። በወረቀቷ ላይ "ጠያቂ" የሚለውን ቃል ይሰርዝና፣ "እናትና አባት አስታማሚ ናቸው፤ እጃቸውን ታጥበው ይግቡ፤ ሌላ ጠያቂ ውጭ ይጠብቅ" ይበል። በየማሞቂያው አጠገብ አንድ ወንበር ይቀመጥ። ሦስተኛዋን መስመር ቀዶ "በየቀኑ በዚህ ሰዓት ሐኪሙ ስለ ልጃችሁ ይነግራችኋል" ብሎ ይተካት፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከሩቅ ለመጣችው እናት ፍራሽ የምታነጥፍበት አንድ ጥግ ይገኝላት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከውጭ አገር በዶላር የሚገዛ ነገር የለም።

ለእኛ ለውጭዎቹ ደግሞ እርማቱ ከዚህም ያነሰ ነው። ሆስፒታሉ እናትን ጠያቂ አደረጋት፤ እውነተኛዎቹ ጠያቂዎች፣ እኛ፣ ግን ጠፍተናል። ቦታችንን እንያዝ። ገንፎው አይቅር፤ ያቺ ሴት ወልዳለች፤ ልጇ ማሞቂያ መግባቱ አራስነቷን አይፍቀውም። ወተት ለማለብ የምትበላው ያስፈልጋታል፤ አጥሚቱን በፔርሙስ አድርጋችሁ አግዳሚው ድረስ ውሰዱላት። "ስንት ኪሎ ሆነ?" አትበሏት፤ የሚዛኑን ቁጥር ከእናንተ ይልቅ እሷ ታስበዋለች። "ስሙን ማን አላችሁት?" በሏት። አባትየውን ሻይ ጋብዙት፤ ካላወራ አብራችሁት ዝም በሉ። መኪና ያለው ያድርሳት። ማርያም የማረቻት ልጁ ሁለት ኪሎ ሲሞላ አይደለም፤ በወለደች ዕለት ነው፤ በዚያው ዕለት በሏት።

ልጁ በሠላሳ አራተኛው ቀን ወጣ። የእህቴ ልጅ ገና ከታክሲ ስትወርድ ጎረቤቱ ሁሉ በራፍ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ተለይቶለታላ! እልልታው ሰፈሩን አናወጠው፣ ገንፎው ተገነፋ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የማይላት አልነበረም። እሷ ልጇን በደረቷ እንዳሰረች ደጃፉ ላይ ቆም አለችና ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ቀስ ብላ፣

"ጋሼ፣ ዛሬ ነው እንዴ የወለድኩት?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።